ሐሤት ይደረጋል እንጂ አይኮንም

የጎረቤቴ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ ከገበያ እስኪመጡ ድረስ እኔ ሱቅ ትቆያለች። ሱቄ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ ያለች አንድ ክፍል ናት። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግ ካርድ እጽፋለሁ፣ የምረቃ ባነር አዘጋጃለሁ። ልጅቷ ጥግ ላይ ባለችው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በርጩማዋ የዚሁ የጅማ ሥራ ናት፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች። ከእኔ ወንበር ይልቅ እሷን ትወዳለች።

ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» ብላ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። የተሰጧትን ቃላት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ነው ሥራው። አራተኛው ቃል «ሐሤት» ነበር። ትርጉሙ አጠገቡ ተጽፏል፤ «ከፍተኛ ደስታ» ይላል። እሷም ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦

«አያቴ ቡና ስታፈላ እኔ በጣም ሐሤት ነኝ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ልጅቷ ኮስተር ብላ «ምኑ ነው ስህተቱ?» አለች። «እንዲህ አይባልም» አልኳት። «ለምን?» አለች። አፌ ተያዘ። በቀን ስንት ካርድ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ሰው «ቆንጆ አድርገህ ጻፍልኝ» ብሎ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ግን «በቃ አይባልማ» ከማለት ሌላ የምላት አጣሁ።

ማታ እያሰብኩት ቤቴ ገባሁ። ስህተቱ ትርጉሙ ላይ አይደለም። ሐሤት በእርግጥም ከፍተኛ ደስታ ነው። ችግሩ ያለው ግሡ ላይ ነው። በአማርኛ የደስታ ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግሥ ይዘው ነው የሚዞሩት። ደስ ይላል። ሐሤት ይደረጋል። ጮቤ ይረገጣል። እልልታ ይቀልጣል። አንጀት ደግሞ ቅቤ ይጠጣል። ግሡን ከአንዱ ወስዳችሁ ለሌላው ከሰጣችሁት ቃሉ ወዲያው እንግዳ ይመስላል።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከ«ደስ አለኝ»።

በቀን ሃያ ጊዜ እንለዋለን፣ ስለዚህ አናየውም። እስቲ አንዴ ቆም ብላችሁ እዩት። «ዝም አልኩ» እንላለን። «ቁጭ አልኩ»፣ «ብድግ አልኩ» እንላለን። ሦስቱም ላይ «አለ» የሚለው ግሥ አለ፤ ዝም ያልኩትም ብድግ ያልኩትም እኔ ነኝ። ደስ ላይ ስንደርስ ግን «ደስ አልኩ» የሚል ሰው የለም። «ደስ አለኝ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ደግሞ «ጠራኝ»፣ «መታኝ» ላይ ያለችዋ «ኝ» ናት። በሰዋስው ቋንቋ ተሳቢ ናት። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም።

ታዲያ ባለቤቱ ማነው? ማንም። ስሙ የማይጠራ አንድ «እሱ» መጥቶ እኔ ላይ ደስ አለ እንደማለት ነው።

አማርኛ ሰው ላይ የሚደርስን ስሜት ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የሚናገረው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገረመኝ፣ ናፈቀኝ። የ«ደስ አለኝ» ተቃራኒ የሆነው «ከፋኝ» ራሱ አሠራሩ ያው ነው። ሰውየው እዚህ ውስጥ ምንም አላደረገም። ተቀምጦ ነው የደረሰበት።

የጅማ ልጆች እዚህ ጋ የሚያደናቅፋቸው ለምን እንደሆነ የገባኝም ያን ማታ ነው። ልጅቷ ቤት ውስጥ የምታወራው ኦሮምኛ ነው። አማርኛውን የለቀመችው ከሰፈርና ከትምህርት ቤት ነው። በኦሮምኛ ደስታ «ገመቹ» ይባላል፤ የሰው ስምም ስለሆነ ኦሮምኛ የማይችለውም ሰምቶት ያውቃል። ግሡ «ገመዴ» ነው። እዚያ ግን ደስ ያለው ሰው ራሱ የግሡ ባለቤት ነው። አሠራሩ ልክ እንደ «በላሁ»፣ እንደ «ሄድኩ» ነው። ስለዚህ ትንሽ ሳለች «ዛሬ ደስ አልኩ» ትል ነበር፣ ሰፈሩም ይስቅባት ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። የራሷን ቋንቋ ሥርዓት ይዛ ነው አማርኛው ውስጥ የገባችው። እኔም ኦሮምኛ ስናገር እነሱ ይስቁብኛል፤ ተቻችለናል።

ደስ የሚያሰኘው ነገር በስም ሲጠራ ደግሞ ባለቤቱ እሱ ይሆናል። «ጅማ ደስ ትለኛለች» ስል «ት» የመጣችው ለጅማ ነው። እኔ አሁንም ጅራቷ ላይ ያለሁት «ኝ» ነኝ። «ጅሬን ወጥተን ከተማዋን ቁልቁል ስናያት ደስ አለችን» ሲባልም እንደዚያው።

ጊዜውን መለየትም ያስፈልጋል። «ደስ አለኝ» ያኔ፣ የሆነ ጊዜ ላይ ነው፤ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ፣ አለቀ። «ደስ ብሎኛል» አሁንም እዚያው ውስጥ ነኝ ማለት ነው። ለዚህ ነው አዲስ ሰው ስንተዋወቅ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» የምንለው። «ደስ ይለኛል» ልማድ ነው፤ ወይም ደግሞ በጨዋ ደንብ ሰውን መለመኛ ነው። «ነገ ብቅ ብትል ደስ ይለኛል» ያላችሁ ሰው ስለ ስሜቱ እያወራ አይደለም። ኑ እያላችሁ ነው።

አሉታው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። «ዛሬ ደስ አላለኝም» ያለ ሰው አዝኛለሁ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አሞኛል ማለቱ ነው፤ ራሱን ይዞት፣ ሰውነቱ ከብዶት። «ነገሩ ደስ አላለኝም» ካለ ደግሞ ጠርጥሯል። «ደስ ያለህን አድርግ» ስትባሉ ፈቃድ ያገኛችሁ ከመሰላችሁ ተሸውዳችኋል፤ ተቆጥቶባችኋል። «አሁን ደስ አለህ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሚስት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ መልስ አይፈለግበትም።

«ተደሰትኩ» የእነዚህ ሁሉ ወረቀት ለባሽ ዘመድ ነው። እዚህ ባለቤቱ «እኔ» ነኝ፤ «በውጤቱ ተደሰትኩ» ይባላል፣ ትክክል ነው። ግን ወሬ ላይ ትንሽ ደረቅ ይላል። ልጁን አቅፎ «ተደሰትኩ» የሚል አባት አላውቅም። ዜና ላይ ግን ሞልቷል፤ እንግዳው ሁሉ «መደሰታቸውን ገልጸዋል»።

«ደስተኛ» ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ደስተኛ የሰው ጠባይ ወይም የኑሮ ሁኔታ ነው። «ደስተኛ ልጅ ናት» ስንል ሁልጊዜ ፊቷ ፈታ ያለ ነው ማለታችን ነው። «በትዳሬ ደስተኛ ነኝ» ሲባል ኑሮውን ነው። አሁን አሁን ግን ስልካችን ላይ የሚመጣው መልእክት ሁሉ «ልንረዳዎት ደስተኞች ነን» ይላል። ይሄ አማርኛ ለብሶ የመጣ እንግሊዝኛ ነው። እዚህ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ የመጣን ሰው «ልረዳዎት ደስተኛ ነኝ» ብለው ጤንነቴን ይጠራጠራል። «ምን ልታዘዝ?» ነው የሚባለው፤ ወይም «ብረዳዎ ደስ ይለኛል»።

አሁን ወደ ሐሤት።

ሐሤት የግእዝ ቃል ነው። በግእዝ «ተሐሥየ» ማለት ደስ አለው፣ ተደሰተ ማለት ነው። ስሙ «ሐሤት» ነው። አማርኛ ስሙን ብቻ ነው ወስዶ ያስቀረው። ግሡን እዚያው ተወው። «ተሐሠየሁ» የሚል አማርኛ የለም። ግሥ የሌለው ስም ደግሞ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ብቻውን መቆም ስለማይችል ሞግዚት ይፈልጋል። ለሐሤት የተገኘለት ሞግዚት «አደረገ» ነው። ሐሤት አደረግሁ፣ ሐሤት አደረገች፣ ሐሤት እናድርግ። እንደ ጸሎት አደረገ፣ እንደ ንግግር አደረገ ያለ ነው፤ ሰው አስቦ የሚፈጽመው ነገር።

መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ይሄን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አንድ ስንኝ አለ፤ መዝሙር 117 ቁጥር 24 ነው፣ በአንዳንዱ ዕትም 118። ግእዙ ሁለት ግሥ ደርድሮ «ንትፌሣሕ ወንትሐሠይ ባቲ» ይላል። አማርኛው «ሐሤትን እናድርግ፥ በእርስዋም ደስ ይበለን» ብሎ ተረጎመው። ሁለቱን ግሦች አስተያዩአቸው። «እናድርግ» ላይ አድራጊዎቹ እኛ ነን። «ይበለን» ላይ ግን እኛ መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ነን፤ ደስታው መጥቶ ደስ እንዲለን ነው የተመኘነው። በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አንዱን እናደርገዋለን፣ ሌላው ይደርስልናል። ይሄንን ሳገኝ፣ እውነቴን ነው፣ ከአልጋዬ ተነስቼ መብራት አበራሁ።

ስለዚህ «ሐሤት ነኝ» ማለት «ጸሎት ነኝ» እንደማለት ነው። ጸሎት ይደረጋል እንጂ ሰው ጸሎት አይሆንም። «ሐሤተኛ»ም ያው ነው፤ ከደስተኛ ጋር ለማመሳሰል የተፈጠረ ቃል ይመስላል፣ ጆሮ ግን አይቀበለውም። «ሐሤት አደረገኝ» የሚልም አጋጥሞኛል፤ አስደሰተኝ ለማለት ነው። እዚያ ላይ ግን ነገሩ ሰውየውን ሐሤት ወደሚባል ዕቃ የለወጠው ይመስላል። ማስደሰትን በሐሤት መናገር ካስፈለገ «ልቤን በሐሤት ሞላው» ይባላል። «ሞላ» ሁለተኛው የሐሤት ግሥ ነው። «በሐሤት ተሞላ» ያምራል። «ሐሤት ተሰማኝ» የሚለው በየመጽሔቱ ስለተለመደ አልጣላውም፣ ግን እኔ አልጽፈውም። ስሜት ብቻ ከሆነማ «ደስ አለኝ» ምን አጠፋ?

የሚደሰቱበትን ነገር የሚያስገባው «በ» ነው። በልጃቸው ምረቃ ሐሤት አደረጉ። በድሉ ሐሤት አደረጉ። አሉታ ላይ ደግሞ ይሰንፋል። «ሐሤት አላደረግሁም» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጥያቄም አይመቸውም፤ «ምሳው ላይ ሐሤት አደረጋችሁ?» ብትሉ ሰው ይስቃል። ሐሤት የሚወደው ትረካን፣ ምርቃትንና ግብዣን ነው። «ሐሤት አድርጉ!» ሲባል ግን ቃሉ ቤቱ ገባ።

መጠኑም ሌላ ጉዳይ ነው። የልጅቷ ዓረፍተ ነገር ግሡ ቢስተካከልም ሁለተኛ ችግር አለበት። «አያቴ ቡና ስታፈላ ሐሤት አደርጋለሁ» ቢባል ሰዋስዉ ተሳስቷል የሚል የለም። ግን በየቀኑ ሦስቴ ለሚፈላ ቡና ሐሤት ይበዛበታል። ጅማ ውስጥ ቡና ማፍላት በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ በአቦሉ ሐሤት ካደረግን በቶናውና በበረካው ምን ልናደርግ ነው? ለቡናው «ደስ ይለኛል» ይበቃዋል። ሐሤት የሚገባው ስንጠብቀው፣ ስንመኘው፣ አንዳንዴም ተስፋ ቆርጠንበት ለነበረ ነገር ነው። የጠፋ ሰው ሲገኝ። መካን የተባለች ስትወልድ። ደግሞ ብዙ ጊዜ የብዙ ሰው ነው። ለብቻው ጨለማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሐሤት ያደረገ ሰው ልታስቡ ትችላላችሁ? እኔ አልቻልኩም። ደስ ሊለው ግን ይችላል።

ሐሤት ትንሽ የዕጣን ሽታ አለው፤ ይሄን መካድ አይቻልም። የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እንደ ጅማ እስላሙም ክርስቲያኑም ባንድ ግቢ በሚኖርበት ከተማ ብዙ ልጆች መጀመሪያ የሚያገኙት መማሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። እንዲያም ሆኖ የማንም የግል ቃል አይደለም። ልጃቸውን ሐሤት ያሉ ሰዎች ከየአቅጣጫው አሉ። ቀልድ ውስጥ፣ ቻት ላይ፣ ታክሲ ተራ ግን ቦታው አይደለም። ባጃጅ ውስጥ «መልስ ስላገኘሁ ሐሤት አድርጌያለሁ» ብትሉ ሾፌሩ በመስታወት ያያችኋል።

አጻጻፉን በተመለከተ ካርድ ሲሠራ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ሐሤት፣ ሐሴት፣ ሀሴት፣ ሃሴት፤ አራቱም ደርሰውኛል። በግእዙ ሐመሩ «ሐ» እና ንጉሡ «ሠ» ናቸው። በግእዝ ፊደል መቀየር ትርጉም ያበላሻል፤ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ፤ «ሰረቀ» ደግሞ ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሐሴት ብሎ የጻፈውን ሰው አልጣላውም። ለሠርግ ካርድ ግን ሐሤት ብዬ ነው የምጽፈው። የሰው ስም ከሆነ የግእዝ እውቀቴን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ፤ መታወቂያው ላይ እንዳለ ነው የሚጻፈው። ፍስሃ የተባለን ሰው ፍሥሐ ብዬ አርሜ የምስክር ወረቀቱን ሁለተኛ ያሠራሁበት ቀን ነበር።

ፍሥሐ ካልን፣ እሱም የሐሤት የግእዝ ወንድም ነው። «ንትፌሣሕ» ብለን ያየነው ቃል ዘመድ ነው። አማርኛ ውስጥ ከሐሤትም ይልቅ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስለሆነ ሰው ስም ያደርገዋል እንጂ ብዙ አይናገረውም። «ደስታና ፍሥሐ» በሚል ጥንድ ውስጥ ይመቸዋል። ተድላ ደግሞ የሚቆይ ነው። የአንድ ቀን ተድላ የለም። «በተድላ ኖረ» ነው፤ ጠግቦ፣ ተከብሮ፣ ሰላም ሆኖ።

ፈንጠዝያ ግን ያከሰረኝ ቃል ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሙሽራ የጥሪ ካርድ አዘዘኝ። ጽሑፉን «አንተው አሳምረው» አለኝ። የተለመደውን «የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑ በአክብሮት ጋብዘንዎታል» የሚለውን ሰለቸሁትና «በዚህ የሐሤትና የፈንጠዝያ ዕለት» ብዬ ጻፍኩ። ድምፁ አሪፍ መስሎኝ። 300 ካርድ ታተመ። የሙሽራው አባት አንዱን ይዘው ሱቄ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ከዚያ «ልጄን ነው የምድረው ወይስ መሸታ ቤት ነው የምከፍተው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ፈንጠዝያ መብላት፣ መጠጣት፣ መጨፈር ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ትንሽም ልክ ያለፈ። «ገንዘቡን በፈንጠዝያ ጨረሰው» የሚባለው ለዚያ ነው። ካርዱን በራሴ ኪሳራ ደግሜ አሳተምኩ። የሰለቸሁትን ዓረፍተ ነገር ነበር መልሼ ያስገባሁት። አሁን አልሰለቸውም።

ሰውነት ውስጥ ስለሚታየው ደስታ ደግሞ አማርኛ እጁ ፈታ ይላል። ጮቤን ውሰዱ። ጮቤ ብቻዋን ምን ማለት ናት ብላችሁ መንገድ ላይ ሰው ብትጠይቁ ይቸገራል። «ረገጠ» ካልመጣላት አትንቀሳቀስም። አንዴ ከረገጠች ግን የምታህላት የለችም። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። ለዚያ ጊዜ «የጅማ ሰው ደስ አለው» ማለት ስድብ ነው። «ተደሰተ» ከዚያ የባሰ። ጅማ ጮቤ ረገጠች፣ በደስታ ሰከረች። ሐሤት አደረገች ቢባልም ያስኬዳል፤ የተመኙት ነገር ነው፣ የብዙ ሰው ነው። ግን ኳስ ነው፤ ላብ ላብ ይሸታል፤ ጮቤ ይሻለዋል።

መቦረቅ የጥጃና የሕፃን ነው። ትልቅ ሰው ቦረቀ ካላችሁት ትንሽ እየቀለዳችሁበት ነው። መፈንደቅ ለሁሉም ይሆናል፣ ግን ወጣት ላይ ያምራል። ውጤቷን በስልኳ አይታ «በደስታ ፈነደቀች»።

አንጀት ቅቤ ሲጠጣ ግን ድምፅ የለውም። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ያለ ሰው አልዘለለም፣ አልጮኸም። ውስጡ የነበረ ደረቅ ነገር ራሰለት። ልጇ ከክፉ ጓደኛ የተለየላት እናት ናት እንዲህ የምትለው። ተንኮልም አያጣውም፤ የሰደበው ሰው ሲሰደብ የሰማም አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል። እዚህ ቅቤ ቡናም ውስጥ ስለሚገባ ነገሩን ማስረዳት አይከብድም። ቡና ቀላ፣ በቅቤ የተጠበሰውን ቡና፣ የቀመሰ ሰው አንጀት ቅቤ ሲጠጣ ምን እንደሚል ያውቀዋል።

ደስታ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ወደ «ኝ» እንመለሳለን። ሲቃ ያዘኝ። እንባ ተናነቀኝ። እንደገና የሚደርስብን እኛ ነን።

«እንኳን ደስ አለህ» የራሱ ሥርዓት አለው፤ የምረቃ ሰሞን እንጀራዬ ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ። አለህ፣ አለሽ፣ አላችሁ፣ ለትልቅ ሰው አለዎት። ባነር ላይ «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚልም አለ፤ ሁለቱም ይሄዳል። ዘንድሮ አንድ አባት «ልጃችን በመመረቅሽ እጅግ ሐሤተኞች ነን» የሚል ጽሑፍ ይዘው መጡ። ጽሑፉ በእሳቸው በኩል ነው የሚያወራው፤ እኛ እንዲህ ነን እያለ። የልጅቷ ቀን ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም። «ልጃችን፣ እንኳን ደስ አለሽ!» ብናደርገውስ አልኳቸው። ባነር በካሬ ስለሚታሰብ ማጠሩንም ወደዱት። መልሱን ደግሞ አትርሱ። «እንኳን ደስ አለህ» ለሚላችሁ «አመሰግናለሁ» ብቻ ማለት የከተማ ልጅ ነገር ነው። የድሮው መልስ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» ነው። «ኝ» የነበረችው «ን» ሆነች፤ ደስ ያለው አንድ ሰው ነበር፣ ሁለት ሆኑ።

በማግስቱ ልጅቷ ስትመጣ ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም። ሦስት ነገር ብቻ ነው የነገርኳት፤ «አደረገ» ይከተለዋል፣ ትልቅ ነገር ይፈልጋል፣ ሰው ቢበዛበት ይወዳል። እርሳሷን ነክሳ አሰበች። ከዚያ ጻፈች፦

«አያቴ ከሐጅ ስትመለስ ቤተሰባችን በሙሉ ሐሤት አደረገ።»

ምንም አልወጣላትም። ጮክ ብላ እያነበበችልኝ ሳለ አያቷ ዘንቢላቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«መቼ ሄድኩና?» አሉ።

«የቤት ሥራ እኮ ነው አያቴ!»

«ሐሤት ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ፣ እኔን እያዩ። ልጅቷ ቀደመችኝ። «ገመቹ ጉዳ» አለቻቸው፣ ትልቅ ደስታ። አሮጊቷ ዘንቢሉን አስቀመጡና «ኢንሻአላህ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ሳልሄድ ሐሤት ካደረጋችሁማ ስሄድ ምን ልታደርጉ ነው?» ብለው ሳቁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ደብተሩ ታርሞ መጣ። ዓረፍተ ነገሯ ላይ ትክክል ምልክት ተደርጎበታል። ግን «ሤ» በቀይ እስክሪብቶ ተከባለች፣ ከላይዋ «ሴ» ተጽፋለች። ልጅቷ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው።

«ማን ነው ልክ ጋሼ?»

«ሁለታችሁም» አልኳትና ወደ ባነሬ ተመለስኩ።